የቤት ሕግ በደጅ ጥናት አይጻፍ

ከፒያሳ ተነሥቶ በራስ መኰንን ድልድይ በኩል ወደ አራት ኪሎ የሚወጣ እግረኛ ብዙ ሳይደክም የአገሪቱን የቤት ጉዳይ ከዳር እስከ ዳር ያየዋል። በአንዱ ጫፍ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩ መንደሮች ያረፉበት መሬት አለ። በሌላው ጫፍ ስለ ቤት የሚወጡ አዋጆች የሚጸድቁበት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቆሟል። ሁለቱም በአራዳ ክፍለ ከተማ ውስጥ ናቸው። ሕጉ የሚጸድቅበት አዳራሽና ሕጉ የሚያርፍበት ጣሪያ ይህን ያህል ተቀራርበው ሳለ፣ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን ለሁሉም እኩል አልተጠረገም። አልሚው፣ ሥራ ተቋራጩና ባንኩ መንገዱን ያውቁታል፤ ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ቀጠሮ ይይዛሉ፣ ለስብሰባ ይጠራሉ። ቤቱን የሚገዛው፣ የሚከራየውና ለቤቱ ሲባል ከሰፈሩ የሚነሣው ሰው ሕጉን የሚሰማው በአብዛኛው ከጸደቀ በኋላ ነው። ቤት ሠሪዎች ሕግ አውጪዎችን ማነጋገራቸው ተገቢ ነው፤ ሊበረታታም ይገባል። ነገር ግን የሚናገሩት ሁሉ በጽሑፍ፣ በአደባባይና ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ባለበት መነገር አለበት። እንዲህ ካልሆነ ሕጉ ለሠሪውም ለነዋሪውም አይጸናም።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት ስለ ቤት የወጡት ሕጎች ብዛት ጉዳዩን አጣዳፊ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ጸደቀ። በ2017 ዓ.ም. የሪል እስቴት ልማትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1357/2017 ተከተለ። በዚያው ዓመት የንብረት ታክስ አዋጅ ወጣ፤ የውጭ አገር ዜጋ ከ150 ሺህ ዶላር ያላነሰ ገንዘብ አውጥቶ የቤት ባለቤት እንዲሆን የሚፈቅድ ሕግም ታወጀ። ማን መሥራት እንደሚችል፣ በማን ገንዘብ እንደሚሠራ፣ ለማን እንደሚሸጥና በስንት እንደሚከራይ የሚወስኑት እነዚህ ሕጎች ናቸው። የቤት ሥራ ኑሮው የሆነ ሰው በእንዲህ ያለ ጉዳይ ዝም ቢል ነበር የሚገርመው። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለ? ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ደግሞ፣ ቀድሞ የነበረው አዋጅ ቁጥር 621/2001 አጥብቦት የነበረውን በር ከፍቶ፣ ማኅበራት ሕግ እንዲወጣ ወይም እንዲሻሻል ሐሳብ እንዲያቀርቡ ፈቅዷል። ስለዚህ ቤት ሠሪው መብቱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ከመብቱም በላይ ቤት ሠሪው ሌላው የማያውቀውን ያውቃል። አንድ ሕንፃ ከመሠረት ቁፋሮ ተነሥቶ ቁልፍ እስከሚረከብበት ቀን ድረስ ገንዘቡ በየትኛው ወር እንደሚፈስስ፣ ስሚንቶ ሲጠፋ ምን እንደሚቆም፣ የግንባታ ፈቃድ አንድ ፊርማ ሲዘገይ ስንት ሠራተኛ ያለ ሥራ እንደሚውል የሚያውቀው እሱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ሊፍት፣ አሉሚኒየም፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የመጸዳጃ ዕቃ ከውጭ የሚያመጣ ሠሪ ዋጋው በአንድ ሌሊት ተለወጠበት፤ ከገዢ ጋር የፈረመው ውል ግን በቀድሞው ዋጋ ነበር። ሕግ አውጪው ይህን ሳይሰማ ዋጋን የሚነካ አንቀጽ ቢጽፍ ሥራ ያቆማል፣ ወይም ሠሪውን ውል ወደ ማፍረስ ይገፋዋል። ሠሪውን ያላማከረ የቤት ሕግ ቀማኛን እቀጣለሁ ብሎ ሐቀኛውን ከገበያ ሊያስወጣ ይችላል። ይህ ሁሉ ሠሪው እንዲሰማ የሚያስገድድ ምክንያት ነው። ብቻውን እንዲሰማ ግን አያደርገውም።

ሕግ ሠሪውንም ነዋሪውንም ሳያማክር ሲወጣ ምን እንደሚከተል ከአራዳ የተሻለ ምስክር የለም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ተሰጡ፤ ኪራይም ተቀነሰ። የአዋጁ ፍትሕ ፈላጊነት የሚካድ አይደለም። ጥቂት ሰዎች ሰፊ ቦታ ይዘው ብዙኃኑ በጭሰኝነትና በኪራይ ሲማቅቅ ነበር፤ ለብዙ ድኻ ቤተሰብም ያ አዋጅ በመሀል ከተማ የመኖር ዋስትና ሆኗል። ነገር ግን አዋጁ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ አለፈ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ማን ይጠግነዋል? ባለቤቱ ተነሥቷል። ተከራዩ ቤቱ የሱ ስላልሆነ ማደስም ሆነ መጨመር አይፈቀድለትም። ቀበሌው የሚሰበስበው ጥቂት ብር ለቆርቆሮ ለውጥ እንኳ አይበቃም። በአዲስ አበባ ከ1 መቶ ሺህ በላይ የቀበሌ ቤቶች በዚህ ሁኔታ ለ50 ዓመት ያህል ቆዩ፤ ጭቃው ረገፈ፣ ማገሩ በሰበሰ፣ ልጆች ወልደው በዚያው ክፍል ተደራረቡ። በኋላ እነዚህ መንደሮች «ያረጁና የተጎሳቆሉ» ተብለው ለመፍረስ ሲመዘገቡ ያረጁት በነዋሪው ስንፍና እንዳልሆነ ማስታወስ ያስፈልጋል። ያስረጃቸው ሠሪ ያልተጠየቀበት፣ ነዋሪም ያልተሰማበት ሕግ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዘመን ሌላውን ጎን ያሳያል። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ወጣ፤ ኮንዶሚኒየም የሚባል ቃልም በከተማው ሰው አፍ ገባ። በ1997 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በተባሉት መርሐ ግብሮች ነባሩና አዲሱ ተመዝጋቢ ተደምሮ ከ9 መቶ ሺህ አለፈ። እነዚህ ሰዎች በየወሩ ከደመወዛቸው እየቀነሱ በባንክ ቆጥበዋል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ጉዳይ ላይ ገንዘቡን አዋጥቶ እያለ በሕግ አወጣጡ ውስጥ ግን ወንበር አልነበረውም። የክፍያው መቶኛ፣ የዕጣው አሠራር፣ የቦታው ምርጫ፣ የመረከቢያው ጊዜ ሁሉ በሠሪውና በአስተዳዳሪው መካከል ተወስኖ ለቆጣቢው በማስታወቂያ ይነገረው ነበር። ሠሪው መንግሥት ራሱ በሆነበት ጊዜም እንኳ፣ ቤቱን የሚጠብቀው ሰው ካልተሰማ ውጤቱ ለዓመታት ዕጣ መጠበቅ እንደሚሆን ከዚህ መማር ይቻላል።

የግል ሪል እስቴት ሲስፋፋ ደግሞ ችግሩ መልኩን ለወጠ። በአገራችን የቤት ብድር የሚሰጥ የጠነከረ ሥርዓት የለም። ለቤት ሥራ ብድር በመስጠት ይታወቅ የነበረው የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሕዷል፤ ጎህ ቤቶች ባንክ ለዚሁ ዓላማ የተቋቋመው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በሌላ አገር ባንክ የሚሸከመውን ሸክም እዚህ የሚሸከመው ገዢው ነው። ቤቱ ገና ሥዕል እያለ 20፣ 30፣ 50 በመቶ ይከፍላል። በዚህ መንገድ ሠርተው በውላቸው መሠረት ያስረከቡ አልሚዎች አሉ። ገንዘቡን ሰብስበው መሠረት ሳያወጡ የቀሩም ነበሩ። ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ከፍሎ፣ ኪራይ እየከፈለ ዓመታት የጠበቀ፣ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት የተንከራተተ፣ ከውጭ አገር የላከው ገንዘብ የት እንደገባ ያጣ ሰው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የ1357/2017 አዋጅ ሲረቀቅ ከሁሉ በላይ ያነጋገረው ቅድመ ክፍያ መሆኑ አያስገርምም። አልሚው «ቅድመ ክፍያ ከከለከላችሁን በምን እንሠራለን?» ይላል። ገዢው «የኔ ገንዘብ ለኔ ቤት መዋሉን ማን ያረጋግጥልኛል?» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

እዚህ ላይ ነው የአደባባይ ክርክር ጥቅም የሚታየው። አልሚው ለብቻው ቢሰማ ሕጉ ቅድመ ክፍያን ልቅ ይተወዋል። ገዢው ለብቻው ቢሰማ ሕጉ ቅድመ ክፍያን ጨርሶ ይዘጋና ራሱ አቅም ያለው ትልቅ ኩባንያ ብቻ ገበያው ውስጥ ይቀራል፤ ዋጋውም ይንራል። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲቆሙ ግን ሦስተኛ መንገድ ይወለዳል። የገዢው ገንዘብ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጥ፤ መሠረቱ ሲወጣ ይህን ያህል፣ ጣሪያው ሲመታ ይህን ያህል እየተባለ በባለሙያ ማረጋገጫ ይለቀቅ፤ የውጭ ምንዛሪ ሲናወጥ ዋጋው በምን ስሌት እንደሚስተካከል ውሉ አስቀድሞ ይናገር። ሠሪው የሥራውን ቅደም ተከተል ያውቃል፣ ገዢው ደግሞ ማጭበርበሩ የሚገባበትን ቀዳዳ። ከሁለቱ አንዱ በሌለበት ይህን የሚያህል ዝርዝር ሊጻፍ አይችልም።

የኪራዩ አዋጅ ሌላ ነገር ይገልጥልናል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የኪራይ ጭማሪው መጠን በየዓመቱ በመንግሥት አካል እንዲወሰን አድርጓል። ለተከራይ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን በአዲስ አበባ የሚከራየውን ቤት ማን ሠራው? ብዙውን የሠራው ኩባንያ ሳይሆን በግቢው ጓሮ ሰርቪስ የደረደረ ጡረተኛ፣ ሁለት ክፍል ጨምራ ልጆቿን ያስተማረች እናት ናት። እነዚህ ሰዎች ቤት ሠሪ ናቸው፤ ማኅበር ግን የላቸውም፣ ጠበቃ አይቀጥሩም፣ የቋሚ ኮሚቴ ስብሰባ መቼ እንደሆነ አይሰሙም። ስለዚህ ስለ ቤት ሠሪዎች ውትወታ ስንናገር «ቤት ሠሪ» ማለት ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። በምክር ቤቱ ደጅ የሚታየው በመቶ የሚቆጠሩ አፓርታማዎችን በአንድ ጊዜ የሚገነባው አልሚ ነው። ከተማውን በአብዛኛው የሠራው ግን በቆርቆሮና በብሎኬት ክፍል በክፍል የጨመረው ሰው ነው። ሕጉ ለትልቁ ብቻ ተመጥኖ ሲሰፋ ለትንሹ አይሆነውም፤ ትንሹ ሠሪ መሥራት ሲያቆም ደግሞ ዳፋው በርካሽ ክፍል ፈላጊው ተከራይ ላይ ይወድቃል።

የፒያሳው ጉዳይ ይህን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ያመጣዋል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ በአራዳ ተጀመረ። በመጋቢት ወር የፒያሳና የአካባቢው መንደሮች ፈረሱ፤ ብዙ ቤተሰብ እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማ ዳርቻዎች ተዛወረ። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ ተስተካክሏል፣ መብራቱ ደምቋል። ይህን የሚያይ ሰው ከተማው መታደስ አልነበረበትም ሊል አይችልም። ሆኖም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ አስተያየታቸውን የመስጠት መብት እንዳላቸው ይናገራል። አንቀጽ 44 በመንግሥት ፕሮጀክት ምክንያት ከቦታቸው ለሚነሡ ተመጣጣኝ ማካካሻ ይደነግጋል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ባለይዞታ አቅም ካለው በቦታው ራሱ የማልማት ቅድሚያ መብት እንዲኖረው አድርጓል። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው፤ የሚሠራው ግን ባለይዞታው ገንዘብ፣ ፕላንና ጊዜ ሲኖረው ነው። ከሠራተኛ ሰፈር ወይም ከገዳም ሰፈር የሚነሣ ባለ 80 ካሬ ሜትር ይዞታ ለብቻው ፎቅ ሊያቆም አይችልም፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ደግሞ ይህ መብት አይደርሰውም።

ቤት ሠሪዎች ለሕግ አውጪው ሊናገሩት የሚገባ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤታሞች ይዞታቸውን አዋሕደው ከአልሚ ጋር በሽርክና የሚሠሩበት ሕግ ቢኖር አልሚው መሀል ከተማ ላይ መሬት ያገኛል፤ ነዋሪውም በሰፈሩ ይቀራል። የወለል ቁጥር ከተወሰነው በላይ እንዲጨመር ሲፈቀድ ከተጨማሪው ወለል የተወሰነው ለተነሺዎች እንዲሆን ቢደነገግ ከተማው ሳንቲም ሳያወጣ ቤት ያገኛል። ይህ ህልም አይደለም። ከፓርላማው ብዙም ሳይርቅ በባሻ ወልዴ ችሎት መንደር ቦታ ላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል፤ የለገሐር ፕሮጀክት በ2011 ዓ.ም. ሲጀመርም ነባር ነዋሪዎች በዚያው ቦታ ቤት እንደሚሠራላቸው በይፋ ተነግሮ ነበር። በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት በ2019 እ.ኤ.አ. ሕዝባቸው ከ10 ሺህ በላይ በሆኑ ከተሞች፣ አንድ ቤት ብቻ ይሠራበት በነበረ ቦታ ሁለት ቤት እንዲሠራ በሕግ ፈቅዷል። የፈቃድ ደንብን በመለወጥ ብቻ በነበረ መሬት ላይ ቤት እንዲጨመር መንገድ መክፈት ይቻላል ማለት ነው። የእኛም ቤት ሠሪዎች ጉልበታቸውን ለቀረጥ ነፃና ለሊዝ ቅናሽ ብቻ ከሚያውሉት ለእንዲህ ያለው ሕግ ቢያውሉት ጥያቄያቸውን የሚደግፍ ሕዝብ ከኋላቸው ይሰለፍ ነበር።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ፣ በቤት ጉዳይ ረቂቅ አዋጅ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ሲመራ ሙሉ ጽሑፉ ለሕዝብ ይውጣ፤ አስተያየት የሚሰጥበት ቀንና ቦታም አስቀድሞ ይነገር። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ኩባንያ ወይም ማኅበር ለኮሚቴውም ሆነ ለሚኒስቴሩ የሚያቀርበው ጥያቄ በጽሑፍ ይሁን፤ ጽሑፉም ለሚፈልግ ሁሉ ይታይ። ሦስተኛ፣ ምክር ቤቱ «ባለድርሻ አካላት» ብሎ ሲጠራ አልሚው በተጠራበት ቁጥር ገዢዎች፣ ተከራዮች፣ ቆጣቢዎችና ተነሺዎችም በቁጥር ተመጣጣኝ ሆነው ይጠሩ፤ ስብሰባውም ሠራተኛው ሊመጣ በሚችልበት ሰዓት ይሁን። አራተኛ፣ ኮሚቴው ለምክር ቤቱ በሚያቀርበው ሪፖርት የማን ሐሳብ እንደተቀበለና የማንን ለምን እንደጣለ ያስረዳ። ከዚህ ውስጥ አዲስ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ብሏል፤ የቀረው ይህን በአራት ኪሎ የዕለት ሥራ ማድረግ ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሕዝቡ ይመጣል። «ባለሀብት ሕግ አውጪ ጋ ቀረበ ማለት ሕግ ገዛ ማለት ነው፤ ጭራሽ ባይቀርብ ይሻላል» የሚል አለ። ስጋቱ መሠረት አለው። ነገር ግን ባለሀብትን ማገድ አይቻልም፤ በፊት በር ቢከለከል በጓሮ ይገባል፣ በሠርግና በለቅሶ ላይ ጉዳዩን ያነሣል። ደጅ ጥናት ከጥንት ጀምሮ የምናውቀው ነገር ነው። ጉዳይ ያለው ሰው በጌታው ደጅ ይመላለሳል፣ ይታያል፣ ይወደዳል፣ በመጨረሻም ይፈጸምለታል። የሚፈጸምለት ግን ጉዳዩ እውነት ስለሆነ ሳይሆን ደጁን አዘውትሮ ስለጠና ነው። ዛሬም ገንዘብና ጊዜ ያለው ብቻ ነው ደጅ የሚጠናው። መድኃኒቱ ንግግሩን መዝግቦ ማውጣት ነው። አሜሪካኖች ውትወታን ማጥፋት እንደማይችሉ አውቀው በ1995 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ወትዋቾች እንዲመዘገቡና ለማን እንደሚሠሩ እንዲያሳውቁ አስገድደዋል። ምዝገባው ገንዘብን ከፖለቲካ አላስወጣም፤ ጋዜጠኛውና ተቀናቃኙ ግን የሚጠይቁበትን ሰነድ ሰጥቷል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመንግሥት ወገን ነው። «የቤት ችግሩ አጣዳፊ ነው፤ ሁሉን ስናነጋግር ጊዜ ይሄዳል፣ ሥራ ይቆማል» ይባላል። ከተማው ፈጥኖ መሥራት እንደሚችል በኮሪደሩ አሳይቷል። ሕግ ግን እንደ አስፋልት በሌሊት የሚነጠፍ አይደለም፤ ያልተመከረበት ሕግ በመጽደቁ ያተረፈውን ወር በአፈጻጸሙ ዓመት አድርጎ ይመልሰዋል። ኬንያ ለቅርብ ጎረቤት ትምህርት ትሆናለች። መንግሥቱ ለቤት ልማት ከደመወዝ የሚቆረጥ መዋጮ በፋይናንስ ሕግ ውስጥ አስገብቶ አወጣ። በኅዳር 2016 ዓ.ም. የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዋጮው በቂ የሕግ ማዕቀፍ እንደሌለውና በደመወዝተኛው ላይ ብቻ በመጫኑ አድልዎ እንዳለበት ተናግሮ ሻረው። መንግሥቱም ተመልሶ በየአውራጃው ሕዝብ የተነጋገረበት የተለየ የቤት ሕግ አዘጋጅቶ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አወጣ። በመጨረሻ የማይቀርለትን ምክክር አስቀድሞ ቢያደርግ መንገዱ ያጥርለት ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል። «በእኛ አገር ሕግ የሚወሰነው በምክር ቤቱ አይደለም፤ ረቂቁ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ሲመጣ አልቆ ነው። አብዛኛው መቀመጫ በአንድ ፓርቲ እጅ ባለበት ቤት የአደባባይ ክርክር ለይስሙላ ነው» የሚሉ አሉ። እውነትነቱን ማስተባበል አይቻልም። መደምደሚያው ግን ክርክሩን መተው ሊሆን አይገባም። ውሳኔው ቀድሞ የሚወሰን ከሆነ ግልጽነቱም ቀድሞ ይጀምር፤ ረቂቁ በከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር እያለ የማን ሐሳብ እንደገባበት ይታወቅ። አዋጁ ከጸደቀ በኋላም ጉዳዩ አያበቃም። መቶኛው፣ ቅጹ፣ የጊዜ ገደቡ የሚጻፈው በመመሪያ ነው፤ ውትወታውም የሚበረታው ማንም በማያይበት በመመሪያው ጊዜ ነው። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋም መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርብ ያዛል። የቤት ገዢዎችና ተከራዮች ማኅበር አቋቁመው ይህን አንድ ሕግ ብቻ አጥብቀው ቢይዙ ዛሬውኑ የሚገቡበት በር አለ።

«ተራው ሰው የግንባታ ሕግ አይገባውም» የሚለው ደግሞ ረጅም መልስ አያሻውም። በቀበሌ ቤት 40 ዓመት የኖረች እናት የመጸዳጃ ቤት እጥረት ምን እንደሆነ ከማንም መሐንዲስ ይበልጥ ታውቃለች። በ5ኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውኃ በጀሪካን የሚያወጣ ቤተሰብ ስለ ፓምፕ የሚለው አለው። ሕጉ እንዲገባው ከተፈለገ በሚገባው አማርኛ መጻፍ የረቂቅ አዘጋጁ ሥራ ነው።

ለቤት ሠሪዎችም የሚነገር ነገር አለ። በጓዳ የተገኘ ሕግ በጓዳ ይጠፋል። ዛሬ ባለሥልጣን አሳምኖ አንቀጽ ያስገባ አልሚ ነገ ባለሥልጣኑ ሲለወጥ አንቀጹን ያጣል፤ የተሰጠው መሬት ይመረመራል፣ ፈቃዱ ይታገዳል፣ ያመነው ገዢም ከሱ ጋር አብሮ ይጎዳል። በአደባባይ ተከራክሮ፣ ገዢው ሰምቶ፣ ተከራዩ ተቃውሞ፣ ምክንያቱ ተጽፎ የወጣ ሕግ ግን ሹም ቢለዋወጥም የሚሟገትለት ሕዝብ አለው። የ15 እና የ20 ዓመት ገንዘብ መሬት ውስጥ ለሚቀብር ሰው ከሊዝ ቅናሽ ይልቅ የሚያስተማምነው እንዲህ ያለ ሕግ ነው።

ይህ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ሥርዓት አይደለም። በቀድሞው የ«በላ ልበልሃ» ሙግት ከሳሽና ተከሳሽ በአደባባይ ፊት ለፊት ቆመው፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ ይከራከሩ ነበር። አንዱ ወገን በሌለበት ለዳኛው ጆሮ ብቻ የሚነገር ነገር እንደ ሙግት አይቆጠርም ነበር። በፓርላማው አቅራቢያ ያለ መንደር እስከ ዛሬ ባሻ ወልዴ ችሎት እየተባለ በችሎት ስም ይጠራል። በዚያ መንደር ጎረቤት የቤት ሕግ የሚያወጡ ተመራጮች ከቀጣዩ ረቂቅ ጀምሮ አልሚውንና ተነሺውን፣ አከራዩንና ተከራዩን በአንድ አዳራሽ ፊት ለፊት ያቁሟቸው፤ የተባለውንም ጽፈው ያውጡት።